እያደር ይጠራል

ማክሰኞ ነበረ፤ ዋፍራ ገና አልጋለም፣
ከፓምፑ በስተቀር የነቃ አንድም የለም።
ፒካፑን አቆምኩት ከቲማቲሙ ዳስ፣
የብረት ክዳኑን በጓንቴ ልዳብስ።
ጉድጓዱ ስም የለው፣ በቁጥር ይጠራል፣
«አሥራ ሰባት» ብሎ ሰነዱ ያወራል።

ሜትሩን ለቀቅሁት። ጫፉ ላይ ጆሮ አለው፣
ጨለማ ውስጥ ወርዶ ማን ምን እንደሆነ የሚለየው።
ውሃ የነካ እንደሆን ጢጥ… ጢጥ… እያለ ይቆራርጣል፤
ነዳጅ የነካ እንደሆን አንዱን ድምፅ
እንደ ሙሾ አውራጅ ይጎትተዋል፣
ጢ——ጥ።

አሥራ ስምንት ሜትር ላይ ሳያቋርጥ ጮኸ፣
ሦስት ሳንቲ ወርዶ ጢጥ ጢጥ አለ።
ሦስት ሳንቲ ብቻ፣ የአውራ ጣቴ ስፋት፣
ግን እርሻውን ሁሉ የሚበቃ ክፋት።

ማን እንዳፈሰሰው የሚናገር የለም።
አንዱ ቱቦ ነው ይላል፣ ከመወለዴ በፊት የተቀበረ፤
አንዱ የጦርነቱን ዘመን ያነሳል፤
ኩባንያ በኩባንያ፣ ወረቀት በወረቀት ያሳብባል።
ነዳጁ አይከራከርም። በዓመት ሃያ ክንድ፣
በዝግታ፣ ወደ አቡ ፈላሕ ማሳ፣
ቤቱን እንደሚያውቅ እንግዳ ሳያንኳኳ ይገባል።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብሎ የተረተ ሰው
ዋፍራን አላየም፤ እኔንና ኩንጁሞንን አልጠየቀም።
እኛ የፈሰሰውን እናፍሳለን።
በቀጭን መቅጃ፣ በናይሎን ገመድ፣ በርሜል በበርሜል፣
እጃችን እስኪላጥ።
ኩንጁሞን አየር የሚነፋውን ሞተር ዘይት ያጠጣል፤
«ዘይት ለማውጣት ዘይት!» ይስቃል ራሱ።
አየሩ ሲደርሳቸው፣ ከታች፣ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት
ነዳጁን ይበሉታል።
«እነሱ እንኳ በሰዓቱ ይበላሉ» ይላል፣
የሁለት ወር ደመወዝ የቀረበት።

አቡ ፈላሕ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ይጠብቀኛል።
«ዛሬስ?»
ሌላ ሰላምታ የለውም።
ጉድጓዱን አባቱ ናቸው በእጃቸው የቆፈሩት፤
ውሃው ድሮም ጨው ጨው ይላል፣
«ግን ጨዉ የኛ ነበር» ይላል።
ማንበብ አይችልም። ቁጥሩን ስነግረው
በቴምር ፍሬ ይመዘግባል፣ በአሮጌ ጣሳ፣
ለአንድ ሳንቲ አንድ ፍሬ።

በጥር ሦስቱ ፍሬ አንድ ሆነ።
በየካቲት ጣሳው ባዶ ቀረ፤ ሜትሩ ጢጥ ጢጥ ብቻ።
ኢንጂነር ሹዐይብ «ፓምፑ ይጥፋ» አለ።
አቡ ፈላሕ ጣሳውን በአሸዋ ፈትጎ አጠበና
ሻይ ጠጣበት፣ እያየኝ።

ከዚያ ሰኔ መጣ። ሙቀቱ ሃምሳ ነካ፣
ውሃው ወደ ታች ሸሸ፣
ከአፈሩ ጥርስ መሃል ተወሽቆ የከረመው
እየተንጠባጠበ ተመለሰ።
ጢ——ጥ።
አጭር ናት። አራት ሚሊ ሜትር።
እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ቆመ።

አራት ሚሊ ማን ያያል?
ዜሮ ለመጻፍ ቀላል ናት፣ እንደ ጉድጓድ አፍ ክብ፤
ኮንትራቴ በመስከረም ያልቃል፤
ለንጹሕ ሪፖርት ጉርሻ አለ፣ ተነግሮናል።
ላቤ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ፣
ቀኑን ብቻ አደበዘዘው።

«ዛሬስ?»

ጻፍኩት። ነገርኩትም።
አቡ ፈላሕ ዝም አለ። ኪሱን ፈተሸ።
አንዲት ፍሬ በድንጋይ ለሁለት ፈለጠና
ግማሿን የሻይ ጣሳው ውስጥ ጣላት፤ ቋ አለች።
«ከሚዋሽ ውሃ የሚሸት ውሃ ይሻለኛል» አለ፣
ወደ ቲማቲሙም ተመለሰ።
ኩንጁሞን ሞተሩን ሊያስነሳ ሄደ፣ ሳይስቅ።

እኛ አገር እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ።
ስለ ውሃ የተባለ አልሰማሁም።
ክዳኑን ገጠምኩ። በሚቀጥለው ማክሰኞ
አሥራ ሰባት ይጠራል፤
እኔው ነኝ የምጠራው፣ ገመዱን እየለቀቅሁ፣
በቁጥሩ፣
እስኪጠራ።